የማርታ አስራ ሁለት ሐሙሶችና የእኔ አንዲት ውሸት

እኔ ውሸታም ሰው አይደለሁም። ይህን የሚል ሁሉ ሊዋሽ ሲል ነው የሚለው፣ አውቃለሁ፤ ግን ስሙኝማ። በአርባ ስምንት ዓመቴ የዋሸሁት ሁሉ ቢሰበሰብ፣ ከድግስ ለመቅረት «ሆዴን ቆርጦኝ» ከማለት አያልፍም። ባለፈው ክረምት ግን አንዲት ውሸት ዋሸሁ። አንዲት ብቻ። እሷው ከምኖርባት ከሆሳዕና ከተማ ተነስታ አንጋጫ ደረሰች፣ ከአንጋጫ ሺንሺቾ ዞረች፣ ዘመድ አዝማድ አስከትላ ተመልሳ ቤቴ ገባች። ያለችኝን አንድ ልጅ ልታሳጣኝ ምንም አልቀራት።

ነገሩ የተነሳው ከማርታ አንገት ነው። ማርታ ልጄ ናት፤ አስራ አራት ዓመቷ። አንገቷ ዙሪያ ጥቁር ነገር ወጣባት። እናቷ አልማዝ «አንቺ ልጅ፣ አትታጠቢም እንዴ?» እያለች በሳሙና ፈተገቻት። አልለቀቀም። በሎሚ ሞከረች። እንቢ አለ። በመጨረሻ እኔ ብልሁ፣ እኔ አዋቂው፣ የተረከዜን መፈተጊያ ድንጋይ ይዤ ገባሁበት። ልጅቷ አለቀሰች፤ ጥቁሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። በልጅ አንገት የሚናደድ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ እኔ ነኝ።

ሰኔ ላይ ከጤና ጣቢያ ሰዎች ትምህርት ቤቷ ሄደው ልጆቹን ሲመዝኑና ሲለኩ፣ ሲስተር ጥሩነሽ የምትባል ነርስ የማርታን አንገት አየችና «ማን ነው እንዲህ የላጣሽ?» አለቻት። ወላጅ ይጠራ ተባለ። ወላጅ እኔ ነኝ።

«ይሄ እድፍ አይደለም፣ የማርታ አባት፣» አለችኝ ሲስተር ጥሩነሽ። ቀጭን ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ ከሚጮህ ሰው ይልቅ ያስፈራኛል። «ሰውነቷ ስኳሩን እንደ ልብ መጠቀም ሲያቅተው የሚያሳየው ምልክት ነው። ደሟን በባዶ ሆዷ አይተነዋል። የስኳር በሽታ ገና አልያዛትም። ደጃፉ ላይ ግን ቆማለች።»

ማርታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «እንደ አያቴ?» አለች።

እናቴ በስኳር ምክንያት አንድ እግሯን አጥታ ነው ያረፈችው። ማርታ ያን እግር በመጨረሻ ወራቱ እያሸች፣ ጨርቁን እየቀየረች ነው ያደገችው። ሲስተሯ መልስ እስክትሰጥ ድረስ ልጄ እስትንፋሷን ያዘች፤ እኔም ያዝኩ።

«እንደ አያትሽ እንዳይሆን ነው የጠራናችሁ፣» አለች ሲስተር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስምንት ልጆች፣ ስምንት ወላጆች፣ አስራ ሁለት ሳምንት። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንሰበሰባለን፤ በቀረው ቀን እቤታችን የተነገረንን እንሠራለን። ለስላሳ መጠጥ የለም። ሻይ ያለ ስኳር። የሳህኑ ግማሽ ጎመን ወይ ሌላ አትክልት። በየቀኑ አንድ ሰዓት እርምጃ፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ይረሳ። ስልክ ከእራት በኋላ ይቀመጥ፣ እንቅልፍ በጊዜ ይተኛ። በአስራ ሁለተኛው ሐሙስ ደሟ በባዶ ሆዷ እንደገና ይታያል። ከወረደ እሰየው። ካልወረደ ወደ ሆስፒታል ይጻፍላታል፣ ኪኒንም ሊጀመርላት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ቀርታለች። ልጁ የሚያደርገውን ሁሉ ወላጁም ያደርጋል። እንዲያውም ወላጅ የልጁን አይመዘግብም፤ ልጅ ነው የወላጁን የሚመዘግበው። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ተሰጠ፤ አባት ምን በላ፣ እናት ምን ጠጣች፣ ስንት ደቂቃ ተራመዱ እያሉ እንዲጽፉብን። «ልጅ የሚያየውን እንጂ የሚሰማውን አይበላም» አለች ሲስተር ጥሩነሽ። ከዚያ ሜትሯን አውጥታ ወገቤን ዞረችው። ሜትሩ አልገጠመም።

«የእርስዎ ሜትር አጭር ነው፣» አልኳት።

«ሜትሩ ለሁሉም አንድ ነው፣ የማርታ አባት።»

ደሜንም አየችው። እኔም ደጃፉ ላይ ነኝ አሉኝ። እኔ እንኳ የቢሮ ሰው ነኝ፣ ደጃፍ ላይ መቆም ለምጄዋለሁ ብዬ ናቅሁት። ሐሳቤ ሁሉ ማርታ ላይ ነበር። እናቷ አስተማሪ ናት፤ ክረምት ክረምት ሐዋሳ ሄዳ ትምህርቷን ትቀጥላለች። ስለዚህ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።

አሁን ወደ ውሸቷ እንምጣ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ለመቅረት ከአለቃዬ ከአቶ ሳሙኤል ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ በልቤ አጥንቼ ገባሁ፤ «ልጄ ክብደቷ ስለጨመረ ጤና ጣቢያ የተጀመረ ፕሮግራም አለ» ልል። ቢሮው ውስጥ ግን አራት ሰው ተቀምጧል፤ ሁሉም የመንደሬ ሰው፣ ሁሉም ማርታን ያውቃል። አራት ጥንድ ዓይን አየኝ።  በሰርግ ላይ ሴቶቹ የማርታን ጉንጭ እየቆነጠጡ «እሰይ፣ የጠገበ ቤት ልጅ!» ሲሉ ደረቴን ነፍቼ የቆምኩት እኔ ነኝ። አሁን ምን ብዬ?

«ልጄ ታማብኛለች፣» አልኩ።

«ምኗን?»

«ገና አልታወቀም። በየሳምንቱ ነው የሚያዩዋት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልምከራችሁ። በዚህ አገር «ገና አልታወቀም» ብላችሁ አትዋሹ። ወባ በሉ፣ ታይፎይድ በሉ፣ ስም ይኑረው። ስም የሌለው በሽታ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ራሱ ስም ያወጣል። አቶ ሳሙኤል የያዘውን እስክሪብቶ አስቀመጠ። «ኧረ እግዚአብሔር ይማርልህ!» አለ። አራቱም «አሜን» አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏችኋል እንዲህ ነው።

ሐምሌ ገባ። የሆሳዕናን የሐምሌ ጭቃ የማያውቅ ሰው እርምጃ ቀላል ነው ይበል። እኔና ማርታ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ጃንጥላ ይዘን ወደ ሌሞ መንገድ እንወጣለን። ከሌሞ እንሰትና ገብስ ጭነው ወደ ገበያ የሚመጡት ባለጋሪዎች እያዩን ይገረማሉ። አንዱማ ጋሪውን አቁሞ «ጋሼ፣ ቦታ አለኝ እኮ፣ ልጫናችሁ!» አለኝ። አይ እየተራመድን ነው አልኩት። «ወዴት?» አለ። ወደ የትም፣ ተራምደን ልንመለስ አልኩት። ፈረሱን እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ ፈረሱም የነቀነቀ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማርታ ዳገቱ መሐል ቆማ አለቀሰች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እኔ አለቀስኩ፤ ላብ ነው ብያታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ሹልክ ብዬ ሥጋ ቤት ገባሁ። ጥሬ ሥጋዬን በሚጥሚጣ እያጣጣምኩ ቀና ስል ማርታ በመስኮቱ በኩል ቆማለች፣ ደብተሯን ይዛ። ምንም አላለችኝም። ጻፈች። ከፖሊስ ይልቅ የዚያች ልጅ እስክሪብቶ ነው ያስፈራኝ።

ግን ልንገራችሁ፣ ልጅቷ ጨከነች። ያቺ «አባዬ፣ አንድ ለስላሳ ብቻ» እያለች አንገቴ ላይ የምትጠመጠም ልጅ፣ ሱቅ ፊት ስታልፍ ፊቷን ማዞር ጀመረች። ጎመኑን ራሷ ትከትፋለች። ቆጮውን ራሷ ቆርጣ በልኩ ታቀርብልኛለች። ዘጠነኛው ሐሙስ ላይ ሲስተር ጥሩነሽ ለካቻትና ቀስ ባለ ድምጿ «በርቺ፣ ማርታ» አለቻት። ልጄ ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ እየዘለለች ነው የሄደችው። እኔ ደግሞ ከኋላ እየተከተልኩ፣ አምላኬ ይህቺን ልጅ እንዳታሳፍርብኝ እል ነበር። የቀሩን ሦስት ሐሙሶች ናቸው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወሬው የት እንደደረሰ የሰማሁት ሁሉም ከሰማ በኋላ ነው። ማርታ ቀነሰች አይደል? ልብሷ ሰፋ፣ ፊቷ ጠበበ። መንደሩ «አየህ፣ አባቷ የነገረን በሽታ እየጨረሳት ነው» አለ።

ጠያቂ መጉረፍ ጀመረ።

መጀመሪያ የመጡት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ናቸው። አንድ ሣጥን ለስላሳ፣ አምስት ኪሎ ስኳር፣ ሙዝ። ቀጥለው የዕድሩ ሴቶች መጡ፤ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ማር። ቀጥሎ ጎረቤት፤ ለስላሳ። የታመመ ሰው ምን ይጠጣል ብለው ሰው ሁሉ ተማክረው የወሰኑ ይመስል ቤቴ በሁለት ቀን መጋዘን ሆነ። ጠያቂ ደግሞ ዝም ብሎ አስቀምጦ አይሄድም። ጠርሙሱን ራሱ ይከፍታል። «ቅመሽ፣ ፊት ለፊቴ ቅመሽልኝ፣ ልቤ ይረፍ» ብሎ ይጠብቃል። ያመጣውን ነገር ታማሚው ሳይቀምስለት የሚነሳ ጠያቂ እኛ ጋ ገና አልተወለደም።

ማርታ ግራ ገባት። «አባዬ፣ ምን ሆኜ ነው የሚጠይቁኝ?» ስትለኝ፣ «ሰው ይወድሻል እኮ» አልኳት። ሁለተኛ ውሸት እንዳይባልብኝ፤ እሱስ እውነት ነው።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ልጄን አድን ዘንድ ራሴን ሠዋሁ። ጠያቂው ጠርሙሱን ከፍቶ ሲያቀብላት «እሷ ከሐኪም ትእዛዝ አላት፤ በእሷ ስም እኔ እጠጣዋለሁ» እያልኩ መቀበል ጀመርኩ። በቀን አራት ጠርሙስ። አንዳንድ ቀን ስድስት። ብስኩቱም በእሷ ስም፣ ማሩም በእሷ ስም። መሥዋዕትነቱ እንዳይከብደኝ አምላክ ረድቶኝ ይሁን አላውቅም፣ ጣፈጠኝ። ዘጠኝ ሳምንት የናፈቀኝ ነገር ነው፣ ምን ላድርግ! ማርታ ጥግ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ትጽፋለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን አስራ አንደኛውን ሐሙስ ተሻገርን። ፈተናው ሊደርስ ሰባት ቀን ቀረው።

እሁድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ ሄድን። ማርታ በአዲሱ ልኳ የጠበበላትን ቀሚሷን ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ሄደች። የምእመናን ጸሎት ሲደርስ አንባቢው ወረቀቱን ዘርግቶ «በጽኑ ሕመም ላይ ስላለችው እህታችን ስለ ማርታ እንጸልይ» አለ። ሕዝቡ ሁሉ ጮክ ብሎ «አቤቱ ጸሎታችንን ስማ» አለ። ማርታም አለች። ከልቧ ነው ያለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ የትኛዋ ማርታ ናት?» አለችኝ።

ከፊታችን ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ እጇን የማርታ ራስ ላይ ጫነች። ከኋላ ያሉት አፋቸውን መጠጡ። ልጄ ዙሪያዋን አየች። ያኔ ገባት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ቅዳሴው እስኪያልቅ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። በሩ ላይ ቆመችና «አንተ ነህ ያልከው?» አለች።

«ለቢሮ ነው... ፈቃድ ለመውሰድ... እንዲያው ቃሉ አልመጣ ብሎኝ...»

«ወፍራም ናት ማለት አፈርክ?»

ኮሌታዬን አስተካከልኩ።

«ወፍራም ከምሆንብህ ብታመምብህ ይሻልሃል?»

ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።  ጥላኝ ብቻዋን ሄደች።

ሰኞ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት በሯን አንኳኳሁ። «አልሄድም» አለች። ደብተሯን አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተከመረው ጠርሙስ አንዱን አነሳች፣ ፊቴ ቆማ ከፈተችው፣ ዓይኔን እያየች ጠጣች። ግማሹን። ከአስራ አንድ ሳምንት በኋላ!  «ማርታዬ፣ ሐሙስ እኮ...» አልኩ። «ታማሚ ነኝ አይደል? ታማሚ ይጠጣል» አለችና ግማሹን አስቀምጣ ገባች። ያ ግማሽ ጠርሙስ ማታውን ሙሉ ዓይኔ ላይ ቆሞ አደረ።

ማክሰኞ ከሐዋሳ ስልክ ተደወለ። አልማዝ ናት፤ ታለቅሳለች። «አንጋጫ ያለችው አክስቴ ደውላልኝ ነው። ልጄ ልትሞት ነው አሉ! ምንድን ነው የምትደብቀኝ?» አልዋሸኋትም፤ ሁሉንም ተናዘዝኩ።  ከዚያ «ለእኔ ነገርከኝ። ለሰዎቹስ?» አለችና ዘጋችው። ለሰዎቹ! በሽታ አለ ብዬ ያስለቀስኩትን አገር ሁሉ ሰብስቤ ምን ልበለው? ነገ፣ ነገ እያልኩ ቀኑን ገፋሁት።

ሰዎቹ ግን ነገን አልጠበቁኝም፤ ራሳቸው መጡ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከአንጋጫ በመጣ ሚኒባስ ሰባት ሰው ወረደ። ፊት ፊት የምትሄደው የአልማዝ አክስት እማማ ብርሃኔ ናት። ከኋላዋ አንዱ ድስት ተሸክሟል፣ ሌላው በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ። እማማ ብርሃኔ መንደሯ ውስጥ ዊጆ አላት፤ ሴቶቹ ቅቤ እያዋጡ በየተራ የሚወስዱበት ማኅበር ነው። የእሷ ተራ ለመስቀል ነበር። ዓመት የጠበቀችውን የመስቀል ቅቤዋን ለምና ቀድማ ተቀብላ፣ ግማሹን የቡላ ገንፎ ላይ አፍስሳ፣ ግማሹን ጠቅልላ፣ ለሟች ልጄ ይዛ መጣች። ገና ተቀምጠው ሳይጨርሱ አቶ ሳሙኤልም ሁለት የቢሮ ሰዎች አስከትሎ ገባ፤ ሌላ ሣጥን ለስላሳ ይዞ።

«ልጄን አምጡልኝ፣» አለች እማማ ብርሃኔ።

ማርታ ከክፍሏ ወጣች። እማማ ብርሃኔ ስታያት ደረቷን መታች። «ወይኔ! ወይኔ ልጄ፣ እንዲህ አለቀሽ!» ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት ማለት ይቻላል። የድስቱ ክዳን ተነሳ። ቅቤው ቢጫ ሆኖ ገንፎው ላይ ተኝቷል፤ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ማንኪያዋን ሞላችና «በይ፣ ለእኔ ብለሽ። ይህ ነው የሚያድንሽ» አለቻት።

አስራ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ ማንኪያዋን ያያል። «በእሷ ስም እኔ ልብላው» ልል አፌን ስከፍት እማማ ብርሃኔ በዓይኗ ብቻ አስቀመጠችኝ። ማርታ ማንኪያዋን ተቀበለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እልህም አለበት፣ ልመናም አለበት። ማንኪያዋን ወደ አፏ አነሳች።

«ይቁም!» አልኩ። ድምፄ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ። ተነሳሁ።  «ልጄ አልታመመችም። አንድ ቀንም አልታመመችም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

 ከአቶ ሳሙኤል ጋር የመጣው አንዱ ጠርሙስ ሊከፍት ይዞ የነበረውን መክፈቻ ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ተናገርኩ። ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ደሟ፣ ስለ እናቴ እግር፣ ስለ ሐሙሶቹ፣ ስለ ጭቃው። «ነገ ጠዋት ደሟ ይታያል። አስራ አንድ ሳምንት እየለፋች ነው። ካልወረደ እንደ እናቴ ትሆንብኛለች ብዬ እየሞትኩ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ታመመች አልክ?» አለች እማማ ብርሃኔ።

«አፍሬ ነው።»

«በማን?»

እዚህ ላይ ሁሉም ጠበቀኝ፤ ማርታም። «በእሷ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር፣» አልኩ። «በራሴ ነው እንጂ። ለስላሳውን በየቀኑ እየገዛሁ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። የአንገቷን ጥቁረት እድፍ ነው ብዬ በድንጋይ የፈተግኳት እኔ ነኝ። እሷ ምን አጠፋች? የሚታፈርባትስ እሷ አይደለችም።» አለቀስኩ። አሁን ላብ ነው አላልኩም።

እማማ ብርሃኔ ድስቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ማንኪያውን ከማርታ እጅ ነጠቀች። «ስለዚህ የመስቀል ቅቤዬን ለጤነኛ ሰው ተሸክሜ መጣሁ!» ብላ ራሷ ጎረሰች። በንዴት ነው የበላችው። ደገመች። አራተኛው ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ አለች፤ «አልተበላሸም» አለች ለማንም ሳትል።

«አንቺስ፣» አለቻት ለማርታ፣ «አይርብሽም?»

«እበላለሁ እኮ እማማ። ሁሉንም እበላለሁ። ልኩን ነው እንጂ።»

«ይሄንንስ?»

«ለመስቀል አንጋጫ እመጣና ሁለት ማንኪያ እበላልዎታለሁ።»

«ሦስት!»

«ሁለት።»

«ሦስት ካልሆነ ቅቤዬን ይዤ እመለሳለሁ!»

«ይዘው ይመለሱ እማማ፣ እስከዚያ ያስቀምጡልኝ፣» አለች ማርታ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ሳሙኤል ግን አልሳቀም፤ ለሦስት ወር የጸለየውን ጸሎት እያሰበ መሰለኝ። ሲወጣ ያመጣውን ሣጥን ራሱ ተሸክሞ ሄደ።

ማርታ ወደ እኔ ዞርም አላለች። እራቷን በልታ፣ በልኩ፣ ገባች።

ሐሙስ በአስራ ሁለት ሰዓት በሯን ለማንኳኳት ፈርቼ ሳሎን ቆምኩ። በሩ ተከፈተ። ጃንጥላዋንና ደብተሯን ይዛለች። በዝናቡ ውስጥ እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ጤና ጣቢያ ደረስን። በባዶ ሆዳችን ደም ሰጠን፣ እሷም እኔም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ያ የሰኞ ግማሽ ጠርሙስ መጣብኝ። ያ ሦስት ቀን ያልተኬደ እርምጃ መጣብኝ። በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። ማርታ ጣቶቿን እየቆጠረች ትቀመጣለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። «የኔ ጥፋት ነው፣ ካልወረደ የኔ ነው» አልኳት። ጣቶቿን መቁጠሯን ቀጠለች።

ሲስተር ጥሩነሽ ጠራችን። ወረቀቱን ከማየቷ በፊት የማርታን ደብተር ገለጠች። እዚህም እዚያም እያነበበች መጨረሻው ላይ ቆመች። «ይሄ ምንድን ነው? 'አባቴ የኔን ጠጣ።' ሰኞ፣ 'የኔን ጠጣ፣ አራት።' ቅዳሜ፣ 'የኔን ጠጣ፣ ስድስት'?»

ማርታ ጎንበስ አለች። «እኔ እንዳልጠጣ ብሎ ነው» አለች። 

ሲስተር ጥሩነሽ ወረቀቱን አነሳች። የእሷ ቀስ ማለት! በዚያች ሰዓት ውስጥ አንድ ዓመት ያረጀሁ መሰለኝ። «ማርታ፣» አለች፣ «ወርዷል። ደጃፉን ለቀሻል። ገና ብዙ ይቀርሻል፣ ግን ወርዷል። ኪኒን አያስፈልግሽም።»

ማርታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።  ከዚያ በጣቶቿ መሐል ሳቀች። እኔ ሲስተሯን ልስማት ተነሳሁ።

«የማርታ አባት፣ ይቀመጡ። የእርስዎም አለ።»

የእኔ ደጃፉን አልፎ ገብቷል። ሳሎን ድረስ። በሌላ ቀን ይደገማል፣ ይረጋገጣል፣ አለችኝ፤ ግን ፊቷ የሚረጋገጠውን ቀድሞ ነግሮኛል። ምን ልላችሁ፣ አልደነገጥኩም። ልጄ ደህና ናት። ሌላው ሁሉ ሁለተኛ ሆነብኝ። የደነገጠችው ማርታ ናት።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ማርታ በፍጥነት ነው የምትሄደው፤ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ። ዳገቱ ሥር ያቺ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማርታን ራስ የነካችው ሴትዮ አገኘችን። «ማርታዬ! ቆመሽ ሄድሽልን? በጸሎት እያሰብንሽ እኮ ነው!» አለች። መንገዱ ላይ ሌላም ሰው አለ፤ ቆሞ ይሰማል። ማርታ ዞራ እኔን አየችኝ፤ ጠበቀችኝ።

«እሷ ደህና ናት፣» አልኩ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። «ታማም አታውቅም። ውፍረት ነበረባት፤ በራሷ ጉልበት አሸንፋዋለች። የታመምኩት እኔ ነኝ። ስኳር ነው። ስሙ ታውቋል።»

ሴትዮዋ አፏን ያዘች። «ውይ አፈር ስሆን! እንግዲያስ ማታ መጥቼ እጠይቅሃለሁ። ምን ይዤ ልምጣ?»

«ባዶ እጅዎን ይምጡ፣» አለቻት ማርታ። «ነገ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት። አብረውን ይራመዳሉ።»

ሴትዮዋ ሳቀች፣ ቃል ገብታ ሄደች። ማርታ መንገዷን ቀጠለች። ጥቂት ሄዳ ቆመች። ከእሁድ ወዲህ በዚያ ስም ጠርታኝ አታውቅም ነበር።

«አባዬ፣» አለች፣ «ቀስ እያልክ ና። ዳገቱ ገና ነው።»